ከጎንደር ወጥቶ ሰሜን ተራራ ላይ ማደር፦ ከዓርብ እስከ እሁድ

ጎንደር ተወልዶ አድጎ የሰሜን ተራሮችን በፎቶ ብቻ የሚያውቅ ሰው ሞልቷል። እኔም ለብዙ ዓመት ከነሱ አንዱ ነበርኩ። ፈረንጅ ሁለት አውሮፕላን ቀያይሮ ይመጣል። እኛ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ቁጭ ብለን «አንድ ቀን እንሄዳለን» ስንል ዓመቱ ያልቃል።

ይህን የጻፍኩት ለዚያ «አንድ ቀን» ነው። ዓርብ ከሰዓት ከጎንደር ትወጣላችሁ፤ ደባርቅ ታድራላችሁ። ቅዳሜ ከቡይት ራስ ተነስታችሁ በገደሉ አፋፍ ላይ እስከ ሳንቃ በር በእግር ትሄዳላችሁ፤ እዚያው ድንኳን ተክላችሁ ታድራላችሁ። እሁድ የጅንባርን ፏፏቴ አይታችሁ ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ። ራስ ዳሸን የለበትም። እሜት ጎጎ የሚባለው ጫፍም የለበትም። «ታዲያ ምኑን ሄድነው?» ለሚል ሰው መልሱ ከታች አለ።

መጀመሪያ መንገዱን ጠይቁ

ድንኳን ከመፈለጋችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ከጎንደር በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ በዚያ ሳምንት እንዴት እንደሆነ የሚያውቁት በየቀኑ የሚመላለሱ ሾፌሮች ናቸው። መናኸሪያ ሄዳችሁ ሁለት ሦስቱን ጠይቁ። ደባርቅ ዘመድ ካላችሁ እሱንም ጠይቁ። ፓርኩ ጽሕፈት ቤትም ደውሉ። አንዱ እንኳ «እስቲ ይቆይ» ካለ ይቆይ። ያስያዛችሁት መኪና ቀብድ ቢበላም ይብላ።

መቼ ይሻላል?

ክረምቱን ተዉት። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ገደሉን ሙሉ ቀን ይሸፍነዋል፤ አፋፍ ላይ ቆማችሁ የምታዩት ነጭ ጋቢ ብቻ ነው። መስከረም ያምራል፣ ግን ጭቃው ገና አልጠነከረም። ጥቅምትና ኅዳር ምርጥ ናቸው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ፏፏቴውም ገና ውኃ አለው። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ መስታወት ይሆናል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መሬቱ ይደርቃል፣ ከቆላው አቧራ ይነሳል፣ ጅንባርም ይቀጥናል።

ጥምቀትን አላነሳሁም። ጥምቀትን ትቶ ተራራ የሚወጣ ጎንደሬ ካለ ለሱ መመሪያ መጻፍ የኔ ሥራ አይደለም።

ለምን ሳንቃ በር ብቻ?

የሁለት ቀን ጉዞ የሚበላሸው በስስት ነው። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት የእሜት ጎጎ ፎቶ 3,926 ሜትር ላይ የተነሳ ነው። እዚያ ለመድረስ ግጭ የሚባለው ካምፕ ማደር ያስፈልጋል፤ ግጭ ደግሞ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር ጥቂት ከፍ ትላለች። ዓርብ ቢሮ ውላችሁ ቅዳሜ ማታ ግጭ ብታድሩ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ወደ 1,500 ሜትር ወጣችሁ ማለት ነው። ሰውነት ይህን አይወድም።

«እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ ከፍታ ምን ያደርገኛል?» የሚል አይጠፋም። ከጠረፍ በቀጥታ ከመጣ ሰው መሻላችሁ እውነት ነው። ግን የአባቶቻችን አከፋፈል ራሱ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ ብሎ አያበቃም፤ ከዚያ በላይ ውርጭ አለ። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ገደማ ሲሆን በአንድ ትንፋሽ የምትስቡት ኦክስጅን በባሕር ወለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ነው። የተራራ ሐኪሞች ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ቦታችሁን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አታሳድጉ ይላሉ። ደባርቅ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለ ዓርብን እዚያ አድሮ ቅዳሜን ሳንቃ በር ማደር በልክ ይሆናል። ግጭ ግን ከልክ ያልፋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ጉዞ ይመስለኛል።

ምልክቶቹን አስቀድማችሁ እወቁ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ አለመፈለግ፣ እንቅልፍ እምቢ ማለት ካያችሁ ከፍታው ነክቷችኋል። ውኃ ጠጡ፣ አርፉ፣ እስኪለቃችሁ ከዚያ በላይ አትውጡ። ራስ ምታቱን ፓራሲታሞል ያስታግሠዋል። ጓደኛችሁ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ነገር ከተምታታበት ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው ግን ሌሊትም ቢሆን መኪና አስነሱና አውርዱት። መድኃኒቱ መውረድ ነው። «እስኪነጋ እንየው» አይባልም።

የረዘመ በዓል አግኝታችሁ አራት ቀን ካላችሁ ሌላ ነገር ነው። ያኔ ከሳንቃ በር ግጭ፣ ከግጭ በእሜት ጎጎ አድርጋችሁ ጨነቅ ትወርዳላችሁ፤ ዋልያ የማየት ዕድላችሁም እዚያ ይሰፋል። ለሁለት ቀን ግን አንድ ጥሩ አፋፍና አንድ ጥሩ ሌሊት ይበቃል።

ልምምድ ኮሶዬ ላይ

ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት አንድ እሁድ ኮሶዬ ሂዱ። ከጎንደር በደባርቅ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሚኒባስ ያደርሳችኋል። እዚያም አፋፍ አለ፣ ጭላዳም አለ። የምትሄዱበትን ጫማ አድርጋችሁ፣ የምትሸከሙትን ቦርሳ ተሸክማችሁ አራት ሰዓት ያህል ተራመዱ። ጫማው ተረከዛችሁን ውኃ ካስቋጠረው ያወቃችሁት ቤታችሁ አቅራቢያ ነው። አዲስ ጫማ ገዝቶ በቀጥታ ሰሜን መውጣት ራስን መቅጣት ነው። ደግሞ የአገሬው ልጅ በኮንጎ ጫማ በአጠገባችሁ ሽው ብሎ ሲያልፍ አትፈሩ፤ ማንም አይቀድመውም።

ዕቃ

የሚከራይ ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ጎንደርም ደባርቅም ይገኛል። ስትከራዩ አንድ ሕግ አለ፦ ግቢ ውስጥ ተክላችሁ ሳታዩ አትውሰዱ።

ይህን የተማርኩት በመከራ ነው። የመጀመሪያ ጊዜ የተከራየሁት ድንኳን ከረጢቱ ያማረ ነበር። አከራዩም «ምንም አትስጋ» አለኝ። እኔም አልሰጋሁ። ሳንቃ በር ደርሼ ስዘረግፈው ካስማ የሚባል አንድም የለበትም። ነፋሱ እየበረታ ነው፣ ፀሐይ እየገባች ነው። አብሮኝ የወጣው የፓርኩ ስካውት (አጃቢ) ሳቁን እየዋጠ ድንጋይ ያቀብለኝ ጀመር። ማዕዘን ማዕዘኑን በድንጋይ አስረን አደርን፤ ሌሊቱን ሙሉ ሸራው እንደ ከበሮ ሲመታ ሰማሁት። አሁን ካስማ ሳልቆጥር ከግቢ አልወጣም።

ስሊፒንግ ባጉን ግቡበትና ዚፑን እስከ አገጫችሁ ሳቡት። የተበላሸ ዚፕ ያለው ባግ ብርድ ልብስ ነው። መለያው ላይ የተጻፈውን ዲግሪ እዩ፤ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች የሚል ምረጡ። ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ስለዚህ ጎንደር ላይ ሌሊት 10 ዲግሪ ከሆነ ሳንቃ በር ላይ 3 ቢሆን አይግረማችሁ። ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ሣሩ ላይ ውርጭ ይጥላል።

ከሥር የሚነጠፈውን አትናቁ። ከላይ የቱንም ያህል ብትደርቡ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው። ለዚህ የሚሆን ስፖንጅ ያዙ። ጣት የማይሞላ ስስ ስፖንጅ እንኳ ከሁለት ብርድ ልብስ ይሻላል።

ልብስ ላይ ጠላታችሁ ጥጥ ነው። ዳገት ስትወጡ ካናቴራው በላብ ይረጥባል፤ ስትቆሙ ያ እርጥበት በረዶ ይሆንባችኋል። ከውስጥ ቶሎ የሚደርቅ የስፖርት ልብስ፣ ከሱ በላይ የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት። ጋቢስ? ጋቢ ያዙ እንጂ! ጋቢ ያልያዘ ጎንደሬ ማታ ይጸጸታል። ግን ለድንኳን ውስጥና ለወሬ ሰዓት ነው፤ ስትራመዱ አትልበሱት፣ አታርጥቡትም። ለመኝታ አንድ ደረቅ ካልሲና አንድ ደረቅ ቲሸርት በፌስታል ጠቅልላችሁ ደብቁ። ቀን ላይ ምንም ብትበሰብሱ እነሱን አትንኳቸው።

ኮፍያና የፀሐይ ክሬምም ያስፈልጋል። አየሩ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐይዋ የማታቃጥል ይመስላል፤ የሚያቃጥለው ጨረር ግን በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። እሁድ ማታ አፍንጫው የተላጠ ሰው ሲመጣ የት እንደነበረ መጠየቅ አያስፈልግም።

ከዚህ ሌላ የግንባር ባትሪ፣ ፓወር ባንክ (ብርድ ላይ የስልክ ባትሪ ቶሎ ይሞታል)፣ ፕላስተር፣ ፓራሲታሞል፣ የተቅማጥ መድኃኒት፣ ክብሪት ከላይተር ጋር፣ መታወቂያ፣ ጥሬ ብር ያዙ። ዱላ ደግሞ አትርሱ። የተራራ ዱላ ተብሎ የሚሸጠው ውድ ነው፤ የእረኛ ዱላ ሥራውን ይሠራል።

ስንቅ

እዚህ ላይ ከፈረንጅ እንበልጣለን። ቀላል፣ የማይበላሽ፣ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ሲሉ በፓኬት የደረቀ ነገር በውድ ይገዛሉ። የኛ ሰው ለዘመቻና ለንግድ ጉዞ ስንቅ ሲሰንቅ የኖረ ነው። በሶ አለ። ቆሎ አለ። ዳቦ ቆሎ አለ። ድርቆሽ አለ። ቋንጣ አለ።

በሶን ከሁሉ አስበልጣለሁ። ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ እሳት አይጠይቅም፤ በውኃና በጨው፣ ወይም በማር ትጨብጡታላችሁ። ድካም ሲጥላችሁ ሁለት ጭብጥ በሶ በልታችሁ ሩብ ሰዓት ብትቀመጡ እግራችሁ ይመለሳል። ቆሎው በጃኬት ኪስ ይሁን፤ ቦርሳ ውስጥ ያለ ቆሎ አይበላም።

ለማታ ሽሮና ድርቆሽ። ሽሮ ቶሎ ይበስላል፤ ድርቆሹን ትፈረፍሩበታላችሁ። ምስርና ባቄላ እንዳታመጡ። 3,250 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ89 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ጥራጥሬ አይበስልም፣ ይንገላታል እንጂ። አንድ ጓደኛዬ «እናቴ የምትሠራውን ምስር ወጥ ላብላችሁ» ብሎ ከማታው 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ማሰሮ ሲያማስል አመሸ። ምስሩ በመጨረሻም ጥርስ ያንኳኳ ነበር። ጋዙም አለቀ። ጠዋት ቡና ሳንጠጣ ተነሳን፤ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳንለትም።

ዓርብ ጾም ነው። በሁዳዴ ወይም በገና ጾም ከሄዳችሁ ደግሞ ሁሉም ቀን። በሶ፣ ቆሎና ሽሮ በዚህ በኩል አያስቸግሩም። አብሯችሁ የሚሄደው ስካውት ሊጾም ስለሚችል ግን ቋንጣውን ሽሮው ውስጥ ከመጨመራችሁ በፊት ጠይቁ።

ውኃ ለአንድ ሰው ለቀን ሦስት ሊትር አስቡ። ከምንጭ ከቀዳችሁ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ። ከላይ በጎችና በቅሎዎች ይውላሉ፤ ጥራቱ በዓይን አይታይም።

ማብሰያው ትንሽ ቡታጋዝ ይሁን። እንጨት አይታሰብ። ያ ሽበታም ሽሩባ መስሎ የተንጠለጠለበት ዛፍ አስታ ይባላል፤ ቅርንጫፉን መስበር ክልክል ነው፣ ለማደግም ዘመን ይፈጅበታል። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ፓርኩ በእሳት ሲነድ የጎንደርና የደባርቅ ወጣት ቅጠል ይዞ ነበር የወጣው። ከውጭ አገር ሳይቀር የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተዋል። ያንን ያየ ሰው ጓሳ ሣር መሃል የሲጋራ ቁራጭ አይጥልም።

ዓርብ

ቦርሳው ሐሙስ ማታ ይታሰር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።» ከጎንደር ከቀኑ 8 ሰዓት አትለፉ። መንገዱ አስፋልት ነው፤ ወገራን አቋርጣችሁ በሁለት፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ደባርቅ ትደርሳላችሁ።

መኪናን በተመለከተ፣ እስከ ደባርቅ በሚኒባስ መሄድ ይቻላል። ከደባርቅ ወደ ፓርኩ የሚገባው ግን ጠጠር መንገድ ነው፤ እንደ ልብ የሚገኝ ትራንስፖርት የለም። ሦስት አራት ሰው ሆናችሁ ኮንትራት መኪና ብትይዙ ይሻላል። ከሾፌሩ ጋር ቅዳሜ ማታ የት እንደሚያድር፣ ራቱን ማን እንደሚችል፣ እሁድ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ቁርጥ አድርጋችሁ ተነጋገሩ። ሳይነጋገሩ የወጡ ሰዎች እሁድ ከሰዓት ዋጋ ሲከራከሩ አይቻለሁ፤ ፏፏቴው አጠገብ የማይሆን ነገር ነው።

ደባርቅ ላይ በጊዜ ብሉ፣ በጊዜ ተኙ። አረቄ «ደም ያሞቃል» የሚላችሁን አትስሙ። አረቄ ሞቀ የሚያስብለው ሙቀታችሁን ወደ ቆዳ አውጥቶ ሲበትነው ነው፤ እንቅልፍና ትንፋሽም ያበላሻል። እሁድ ማታ ጎንደር ስትገቡ ጠጡት።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ወረቀትና ስካውት

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ደባርቅ ነው። ጠዋት በሩ ሲከፈት እዚያ ተገኙ። መታወቂያ ታሳያላችሁ፣ የመግቢያ፣ የካምፕና የመኪና ትከፍላላችሁ፣ ስካውት ይመደብላችኋል። የኢትዮጵያዊ ዋጋ ከውጭ ዜጋ በጣም ያነሰ ነው። ደረሰኝ ያዙ፤ በር ላይ ይጠየቃል።

«ጫካ ውስጥ ባሻን ቦታ እናድር» የሚለው ሐሳብ እዚህ ያበቃል። ፓርኩ ውስጥ የሚታደረው በተፈቀዱት ካምፖች ብቻ ነው። ይህ የሚከፋው ሰው አለ፤ እኔን አይከፋኝም። ቦታው በ1978 እ.ኤ.አ. ዓለም ላይ መጀመሪያ በዩኔስኮ ከተመዘገቡት 12 ቅርሶች አንዱ ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት መዝገብ ገብቶ የወጣው በ2017 ነው። ሁሉም ባሻው ቦታ ካስማ ቢተክል ተመልሶ ይገባል። ካምፕ ማለት ደግሞ ሆቴል ማለት አይደለም። ሣር፣ መጸዳጃ ቤትና ሰማይ ነው።

ስካውቱ ጠመንጃ ይዞ አብሯችሁ የሚሄድ የአካባቢው ሰው ነው። ፈርታችሁ አትራቁት፣ እንደ ጠባቂም ብቻ አትዩት። በዕድሜ ከበለጣችሁ «ጋሼ» በሉት፣ በአንቱታ አናግሩት። ከስንቃችሁ አካፍሉት። መንገዱን ያውቃል፣ ጉሙን ያውቃል፣ የማን በግ የት እንደምትውል ሳይቀር ያውቃል። እኔ የመጀመሪያውን ዳገት እየሮጥኩ ስወጣ ከኋላዬ «ልጄ፣ ትንፋሽህን እዚህ አትጨርሰው፤ ለመመለሻም ያስፈልግሃል» ብለውኛል። ከዚያ በኋላ እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ።

አፋፉ ላይ

መኪናው ቡይት ራስ ያውርዳችሁና ድንኳኑንና ከባዱን ዕቃ ይዞ ሳንቃ በር ይጠብቃችሁ። እናንተ ውኃ፣ በሶ፣ ጃኬትና ሹራብ ብቻ ይዛችሁ በእግር። «ሁሉን ተሸክሜ ካልሄድኩ ምኑን ካምፕ አደረግሁ» የሚል ወጣት ይኖራል። ሁለተኛ ስትመጣ ተሸከም።

መንገዱ ሦስት፣ አራት ሰዓት ይወስዳል። ወደ ምሥራቅ ስለምትሄዱ ገደሉ ሁልጊዜ በግራችሁ ነው፣ የመኪናው መንገድ በቀኛችሁ። ይህችን አንድ ነገር ያዙ። ጉም ድንገት ከገደሉ ሥር ተነስቶ ቢሸፍናችሁ ባላችሁበት ቁሙ፤ ስካውቱን ጠብቁ። መንቀሳቀስ ግድ ከሆነ ወደ ቀኝ፣ ከአፋፉ እየራቃችሁ። ጉም ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚመጣ ጉዞውን ከጠዋቱ 3 ሰዓት አታሳልፉት።

አረማመዱ እያወራችሁ መሄድ የምትችሉበት ይሁን። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል። ዳገት ላይ እርምጃችሁን አሳጥሩ፤ ቁልቁለት ላይ ጉልበታችሁን አጠፍ አድርጉ፣ ዱላውን ከፊት አስቀድሙ።

ከአፋፉ ሁለት ሜትር ራቁ። እነዚህ ገደሎች አንዳንድ ቦታ እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳሉ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እሳተ ገሞራ ደራርቦ የጣለውን ድንጋይ ውኃ ሲበላው የቀረ ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ሣር ከሥሩ አፈር ሊኖረው ላይኖረውም ይችላል። ገደሉን ማየት ከፈለጋችሁ በደረታችሁ ተኝታችሁ እዩ። ሴልፊ ስታነሱ ወደ ኋላ አትራመዱ። ቀልድ አይደለም።

ጭላዳዎቹን በብዛት የምታዩት ጠዋት ነው። ሌሊቱን ገደሉ ወገብ ላይ ተኝተው ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብለው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። በዓለም ላይ የሚገኙት እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። መሃላቸው ብትቀመጡም ብዙ አይጨነቁም። ምግብ ግን አትስጧቸው። የለመደ ጭላዳ ነገ የገበሬውን ገብስ ነው የሚገባበት፤ ጣጣው የሚተርፈው ለገበሬው ነው።

ድንኳኑን ቀን ላይ ትከሉ

ፀሐይ 12 ሰዓት ላይ ስትገባ ብርዱ ወዲያው ነው የሚወርደው። ስለዚህ ከ10 ሰዓት በፊት ድንኳኑ መቆም አለበት።

ዝቅ ያለ ጎድጓዳ ቦታ አትምረጡ። ከነፋስ ይጋርዳል፣ ግን ሌሊት ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወርዶ እዚያ ይጠራቀማል። የተጋለጠ ጉብታም አይሁን። መካከለኛውን ፈልጉ፣ ጠጠሩን ልቀሙ፣ ከመትከላችሁ በፊት ጋደም ብላችሁ ሞክሩት። መሬቱ ትንሽ ዘመም ካለ ራስጌው በላይ በኩል ይሁን። በሩ ለነፋሱ ጀርባ ይስጥ። ካስማውን ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን አናቱን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዝማችሁ ምቱት፤ ገመዱ ሲስበው ይበልጥ ይይዛል።

አንድ ነገር ብዙዎች ይሳሳታሉ። ብርድ ፈርተው የድንኳኑን መተንፈሻ ይደፍኑታል። ትንፋሻችሁ መውጫ ሲያጣ ጣሪያው ላይ ጤዛ ይሆንና ሌሊት ፊታችሁ ላይ ይንጠባጠባል። ክፍት ተዉት። ቡታጋዝ ደግሞ ድንኳን ውስጥ በፍጹም አይለኮስም፤ እሳት ብቻ ሳይሆን ጭሱም ይገድላል።

ምግብ ውጭ አታሳድሩ። እዚያ ያለው ወፍራም መንቆር ያለው ቁራ የታወቀ ሌባ ነው፤ ፌስታል መቅደድ ያውቅበታል። ስንቁ መኪና ውስጥ ይደር።

ሌሊቱ

ራት ከበላችሁ በኋላ ቶሎ አትግቡ። ጋቢያችሁን ተከናንባችሁ ሰማዩን እዩ። የከተማ መብራት የሌለበት ሰማይ ምን እንደሚመስል ብዙዎቻችን ረስተናል። ስካውቱ ወሬ ካለው አስወሩት፤ የሌለው አላጋጠመኝም።

ልትተኙ ስትሉ በደንብ በሚዘጋ የብረት ኮዳ የሞቀ ውኃ ሞልታችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ ስሊፒንግ ባግ ውስጥ እግራችሁ ሥር ክተቱት። ሃይላንድ ላስቲክ ውስጥ የፈላ ውኃ አትጨምሩ፤ ይጨማደድና አልጋችሁን ያጥባል። ደረቁን ካልሲ አድርጉ። ስልኩንም አብራችሁ አስተኙት። ሽንት ከመጣ አትያዙት፤ ተነሱ። ይዞ መገላበጥ ከብርዱ የባሰ እንቅልፍ ይነሳል።

እንቅልፋችሁ ቢቆራረጥ አትደንግጡ። ከፍታ ላይ የመጀመሪያ ሌሊት ለማንም አይመችም።

እሁድ

12 ሰዓት ላይ ተነሱ። ፀሐይ ከገደሉ ጀርባ ስትወጣ ያለው ብርሃን ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው የሚቆየው። ቡና አፍሉ፣ በሶ ጨብጡ፣ ድንኳኑን ለጊዜው ተዉትና ወደ ጅንባር ሂዱ። ከሳንቃ በር እንደ አረማመዳችሁ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ውኃው ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ወደ ግጭ ገደል ይወረወራል። ማያው ቦታ ወደ ገደሉ የገባ ጠባብ የድንጋይ ምላስ ስለሆነ ተራ በተራ ግቡ። ነፋስ ካለ ቦርሳችሁን አውርዱ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ እጁን አትልቀቁ።

በመጣችሁበት ስትመለሱ ድንኳኑ ደርቆ ይጠብቃችኋል። ቆሻሻችሁን በሙሉ በፌስታል አድርጋችሁ ደባርቅ አውርዱ፤ የሙዝ ልጣጭም ቆሻሻ ነው። መንገድ ላይ ሽንት ቤት የፈለገ ሰው ከውኃ 60 ሜትር ርቆ፣ 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ፣ አፈር መልሶ። ሶፍቱን ይዞ ይመለስ።

ለስካውቱ ጉርሻ ስጡ፣ በሁለት እጅ። 8 ሰዓት ላይ ከተነሳችሁ ሳይመሽ ጎንደር ናችሁ።

ቤት ስትገቡ ከሻወሩ በፊት ድንኳኑን ግቢ ውስጥ ዘርጉት። እርጥብ ታጥፎ ያደረ ድንኳን ይሻግታል፤ ሽታው አይለቅም። ሲደርቅ አጥፉት፣ ካስማዎቹን አራግፉና ቁጠሩ። ከዚያ መልሱለት፤ አከራዩም ፊታችሁ ይቁጠር።